ከናይት ሺፍት መልስ ወደ በረሃው

(ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ የሀበሻ ማኅበረሰብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት አራት ባዶ ወንበር አለ። ፊት መቀመጥ እንደማንወድ አውቃለሁ። ግድ የለም ኑ፣ ማንንም ተነስ ብዬ ጥያቄ አልጠይቅም።

አዘጋጆቹ «ስለ በረሃው ንገረን» ሲሉኝ ሳቄ ነው የመጣው። የድንጋይ ተመራማሪ አይደለሁም። አስጎብኚም አይደለሁም። እዚህ ከተማ 14 ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ፣ ያውም አብዛኛውን ናይት ሺፍት። ከኤርፖርት ወደ ስትሪፕ፣ ማለትም ካዚኖና ሆቴል ወደተደረደረበት ጎዳና፣ ከስትሪፕ ወደ ኤርፖርት። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ከዚህ መስመር ወጣ ብዬ አላውቅም። በስተምዕራብ ያለውን ቀይ ተራራ በየቀኑ አየዋለሁ። አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ «ያ ተራራ ማን ይባላል?» ሲለኝ፣ አላውቅም ማለት አሳፍሮኝ «ተራራ ነው» ብዬ አለፍኩት። (ሳቅ)

አትሳቁ፣ እናንተም ያው ናችሁ። ከሀገር ቤት ዘመድ ሲመጣ የት ነው የምንወስደው? ስትሪፕ። ውሃው በሙዚቃ ሲጨፍር ቪዲዮ እንቀርጻለን። ከዚያ እራት፣ ከዚያ አውትሌት፣ ከዚያ ሻንጣ ማመዛዘን። እንግዳው «ቬጋስን አየሁ» ብሎ ይሄዳል። ክላርክ ካውንቲ በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው ሰፈራችን በመኪና ግማሽ ሰዓት ብንነዳ ምን እንዳለ ግን እሱም አላየ፣ እኛም አላሳየነው።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ካዚኖ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰዓት አይታይም። መስኮትም ብዙ የለም። ጨዋታው አልቆ ስትወጡ ውጭው ነግቷል። በረሃው ተቃራኒው ነው። እዚያ ሁሉ ነገር ሰዓት ነው። በጠዋቱ 12 ሰዓት ገነት የሆነው ቦታ በ7 ሰዓት ሰው ይገድላል። ስለዚህ ዛሬ የት የት እንደምትሄዱ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደምትሄዱም ነው የምነግራችሁ። ሰዓት ስጠራ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመተ ምሕረት ስጠራ ደግሞ በፈረንጆቹ። አይምታታባችሁ።

ስለ ከተማዋ ትንሽ ብቻ ልበል። «ላስ ቬጋስ» በስፓኒሽ መስክ ማለት ነው፣ ሣር ያለበት ለምለም ሜዳ። ስም አውጪዎቹ አላበዱም። እዚህ ምንጭ ነበር። የባቡር ኩባንያው በ1905 መሬቱን በጨረታ ሸጦ ከተማዋን ሲያቋቁም የመጣው ለዚያ ውሃ ብሎ ነው። ጠጥተን ጠጥተን ምንጩ በ1962 መፍለሱን አቆመ። ቦታው አሁን ስፕሪንግስ ፕሪዘርቭ የሚባል መናፈሻና ሙዚየም ነው። ልጆች ካሏችሁ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

አሁን ወደ ቀዩ ተራራ ልመለስ። ስሙ ሬድ ሮክ ካንየን ነው። እንዴት ሄድኩ? አንድ ሌሊት ሺፍቴ ሊያልቅ ሲል ገመድና ብረታ ብረት የተሸከመ ወጣት ገባ። ካዚኖ ሲጫወት ያደረ አይመስልም፣ ፊቱ ንጹሕ ነው። «ሬድ ሮክ አድርሰኝ» አለኝ። ተራራ ወጪ ነው። ለካ ቦታው በዓለም ያሉ ገደል ወጪዎች የሚያውቁት ቦታ ኖሯል! ከአውስትራሊያ ድረስ ለዚያ ብሎ የመጣ ልጅ ነው፣ ስትሪፑን ማየት እንኳን አልፈለገም። በር ላይ አወረድኩት። ኤፕሪል ነበር፣ ሊነጋ ጥቂት ሲቀረው። ሞተሩን አጥፍቼ አምስት ደቂቃ ልቁም ብዬ ቆምኩ።

ፀሐይዋ ከኋላዬ፣ ከከተማው በኩል ወጣች። መጀመሪያ ያገኘችው የገደሉን ጫፍ ነው። ከዚያ ብርሃኑ ልክ ሰው መጋረጃ ወደ ታች እንደሚስብ ቀስ እያለ ወረደ። ግራጫ የነበረው ቀይ ሆነ፣ ቀጥሎ ብርቱካን፣ ታች ሲደርስ ደግሞ የክሬም ቀለም ያለው ሸንተረር ብቅ አለ። ድምፅ የለም። ስምንት ሰዓት ሙሉ የሰማሁት የማሽን ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣ እዚያ ነው የጠፋልኝ። በማግስቱ በራሴ መኪና ተመለስኩ።

ከስትሪፕ 17 ማይል ገደማ ነው። ቻርልስተን ብሉቫርድን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ቀጥ ካላችሁ መንገዱ ራሱ ያደርሳችኋል። ውስጡ 13 ማይል የሚዞር አስፋልት አለ። ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ያለፋችሁትን ቦታ ማየት ከፈለጋችሁ እንደገና መዞር ነው፣ መመለስ የለም። ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ ሜይ መጨረሻ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ለመግባት ቀድሞ ኦንላይን ሰዓት ማስያዝ ያስፈልጋል። በሩ ግን 12 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ከ2 ሰዓት በፊት ለሚገባ ሰው ሪዘርቬሽን አያስፈልገውም። ናይት ሺፍት የምትሠሩ፣ ሰማችሁ? ይሄ ለእናንተ የተሠራ ሕግ ነው። ሺፍት ፈታችሁ፣ ቡና ይዛችሁ፣ ሌላው ሰው ሪዘርቬሽን ሲፈልግ እናንተ ጨርሳችሁ ወደ ቤት።

እዚያ ስትደርሱ አንድ ነገር ተመልከቱ። የቀዩ ድንጋይ አናት ላይ ግራጫ ድንጋይ ተጭኖበታል። ግራጫው የኖራ ድንጋይ ነው፣ 500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፣ ባሕር ሥር የተሠራ። ቀዩ አሸዋ ድንጋይ ነው፣ 180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ በአንድ ወቅት በነፋስ የተከመረ አሸዋ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሽማግሌው ከላይ፣ ልጁ ከታች። በደንቡ ቀድሞ የተሠራው ከታች መሆን ነበረበት። መሬት ስትገፋፋ አሮጌው ንጣፍ ተሰንጥቆ፣ ተንሸራቶ፣ አዲሱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። የልጅ ልጁ ትከሻ ላይ የተሳፈረ አያት ማለት ነው። ቀለሙ ደግሞ ዝገት ነው። አሸዋው ውስጥ ያለ ብረት ዝጎ ነው የቀላው፤ ብረቱ በውሃ ታጥቦ የወጣበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ቀረብ ብላችሁ በጣታችሁ ብትከተሉት ድንጋዩ ላይ ሰያፍ መስመሮች አሉ። ነፋሱ ያን ጊዜ ከየት ወደ የት ይነፍስ እንደነበር የሚናገሩት እነዚያ መስመሮች ናቸው።

ዝናብ ከጣለ በኋላ ግን አሸዋ ድንጋዩ ላይ አትውጡ። ውሃ ሲጠጣ ይላላል። የያዛችሁት ድንጋይ ተገንጥሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ለእግር ጉዞ ካሊኮ ታንክስ ጥሩ ነው፤ መጨረሻው ላይ ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚጠራቀምበት የድንጋይ ጉድጓድ ታገኛላችሁ፣ ወረድ ብሎ ደግሞ መላ ከተማው ይታያል። ልጅ ለያዘ ሎስት ክሪክ አጭር ነው። አይስ ቦክስ፣ የበረዶ ሳጥን፣ የሚባለው ሸለቆ ጥላ አለው፣ ስሙም ለዚያ ነው። ሌላውን ካርታው ላይ ታገኙታላችሁ።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ይዣት ሄድኩ። መንገድ ላይ፣ ብሉ ዳይመንድ የምትባል መንደር አካባቢ፣ የዱር አህዮች ቆመዋል። ቱሪስቱ መኪናውን አቁሞ ፎቶ በፎቶ ሆኗል። አክስቴ ግራ ገብቷት ዝም ብላ አየቻቸው። ከዚያ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሰማይ አቋርጬ የመጣሁት አህያ ለማየት ነው?» አለችኝ። (ሳቅ) ቆይታ ደግሞ አንጀቷ አልችል አለና ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ልትሰጥ ስትል «እማዬ፣ ክልክል ነው» አልኳት። «አህያ ማብላት የሚከለክል ሀገር!» ብላ እስከ ማታ ስታወራው ዋለች።

ክልከላው ምክንያት አለው። ሰው ያበላው አህያ መንገድ ዳር መኪና መጠበቅ ይለምዳል፣ ከዚያ ይገጫል። አያቶቻቸው ማዕድን ቆፋሪዎች ትተዋቸው የሄዱ ናቸው። ከ1971 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ይጠበቃሉ። ከሕግ ጥበቃ በኩል ከእኔ ይሻላሉ ብያታለሁ።

ዕድለኛ ከሆናችሁ የበረሃ ኤሊም ታያላችሁ። እባካችሁ አታንሷት። ፊኛዋ ውስጥ ውሃ ታጠራቅማለች፣ ለወራት የምትኖረው በዚያ ነው። ሰው ድንገት ሲያነሳት በድንጋጤ ትሸናዋለች። እናንተ ፎቶ አንስታችሁ፣ መልሳችሁ አስቀምጣችሁ፣ ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ። እሷ ግን የዓመቱን ውሃ ደፍታለች። በጥማት ልትሞት ትችላለች።

ቀጥሎ ቫሊ ኦፍ ፋየር። ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ 50 ማይል ገደማ። የኔቫዳ የመጀመሪያው ስቴት ፓርክ ነው፣ በ1935 የተመረቀ። የእሳት ሸለቆ ማለት ነው፣ ስም ያወጣለት ሰው አልዋሸም። እኔም እዚያ ነው የተቃጠልኩት።

ጁላይ ነበር። ሬድ ሮክን ካየሁ ወዲህ በረሃ አዋቂ የሆንኩ መስሎኛል። ጠዋት እንቅልፍ ጥሎኝ፣ ተነስቼ ቁርስ በልቼ፣ 6 ሰዓት ላይ ደረስኩ። እጄ ላይ አንዲት የላስቲክ ውሃ። ፋየር ዌቭ የሚባለው ቦታ ሩቅ አይደለም፣ ደርሶ መልስ አንድ ማይል ተኩል ገደማ ነው። «ይሄማ ከቤቴ እስከ ሱቅ ነው» አልኩ። ስሄድ ቁልቁለት ስለሆነ ቀላል ነበር። ቦታው ያምራል፣ ቀይና ነጭ ሸንተረር እንደ ማዕበል ተጠምዝዟል። ስመለስ ዳገት፣ አሸዋ፣ ጥላ የለም። ውሃዬ አልቋል። መጀመሪያ የከዳኝ ጫማዬ ነው። የድንጋዩ ሙቀት ማስቲሹን አቀለጠውና የቀኝ እግሬ ሶል ፊቱ ተከፈተ። እንደ ውሻ አፍ እየከፈተና እየዘጋ አሸዋ ያፍሳል። ቀጥሎ ላቤ ቆመ። ጥሩ ምልክት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ላብ ሲቆም ሰውነት እጅ ሰጠ ማለት ነው። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ፣ በእናቴ ዕድሜ የምትሆን፣ ፓርኪንጉ ጋ ጃንጥላ ይዛ አግኝታኝ ውሃ አንገቴ ላይ አፈሰሰችልኝ። አንዲት ቃል አልተናገረችም። የጫማዬን ሶል ብቻ አይታ ራሷን ነቀነቀች።

አሁን ፋየር ዌቭንና ሌሎች አንዳንድ መንገዶችን ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ለሙቀቱ ሲባል ይዘጓቸዋል። ያኔ ቢዘጉት ኖሮ ጫማዬም አይበላሽም ነበር።

በክረምት፣ ማለቴ በፈረንጅ ክረምት፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ሂዱ። ማውስስ ታንክ የሚባለው መንገድ አጭርና አሸዋማ ነው፣ አያቶችም ይሄዱታል። ግራና ቀኝ ድንጋዩ ላይ ሥዕል ተቀርጿል። የበረሃ ድንጋይ በዘመን ብዛት ጥቁር ቅባት የመሰለ ሽፋን ያወጣል። የጥንት ሰዎች ያንን ሽፋን በድንጋይ እየወቀሩ ታች ያለውን ፈካ ያለ ቀለም አወጡት። ፍየል መሳይ የዱር በግ፣ ክብ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች። አትላትል ሮክ በሚባለው ትልቅ ቋጥኝ ላይ ደግሞ ደረጃ ተሠርቷል፤ ወጥታችሁ በቅርብ ታያላችሁ። አትላትል ጦር መወርወሪያ እንጨት ነው፣ ከቀስት በፊት የነበረ። ሥዕሉን በጣት አትንኩት፤ የእጃችን ቅባት ይጎዳዋል። ስሙን የሚጽፍ ሰውም አይቻለሁ። ምን እንደምለው አላውቅም፣ ብቻ ዘመዳችን እንዳይሆን።

ወደ ግድቡ እንሂድ። ሁቨር ግድብ፣ 40 ደቂቃ ገደማ። ግድብ ሲባል የሀበሻ ጆሮ ይቆማል፣ አውቃለሁ፣ እና ጥያቄው ሳይመጣ ልመልስ። በቁመት ሁቨር ይበልጣል፤ 221 ሜትር ነው፣ የሕዳሴው ዋና ግድብ 145 ነው። ውሃ በመያዝ ግን የእኛው ይበልጣል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው፣ ከሁቨር ጀርባ ያለው ሐይቅ፣ ሌክ ሚድ፣ ሞልቶም ቢሆን የዚህን ግማሽ ያህል ነው። (ጭብጨባ) አጨብጭባችሁ ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

ሥራው በ1931 ተጀምሮ በ1935 ነው ግድቡ የተመረቀው። በሥራው ላይ በይፋ የተመዘገቡ 96 ሰዎች ሞተዋል። «ሬሳው ኮንክሪቱ ውስጥ ነው» የሚባል ወሬ አለ፣ እኔም ለተሳፋሪ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። ውሸት ነው። ኮንክሪቱ የሚፈሰው በትንንሽ ንጣፍ ነበር፣ ሰው ሊቀበርበት አይችልም። ኮንክሪት ሲደርቅ ደግሞ ይሞቃል፤ ዝም ብለው ቢተዉት ለመቀዝቀዝ ከ100 ዓመት በላይ ይፈጅበት ነበር። እነሱ ውስጡ ቧንቧ ዘርግተው ቀዝቃዛ ውሃ እያስኬዱ አበረዱት።

ግድቡ ላይ ቆማችሁ ውሃ መቀበያ ማማዎቹን እዩ። ሁለት ትልልቅ ሰዓቶች ተሰቅለዋል፣ አንዱ በኔቫዳ በኩል፣ አንዱ በአሪዞና በኩል። በፈረንጅ ክረምት አንድ ሰዓት ይለያያሉ። በፈረንጅ በጋ አንድ ይሆናሉ፣ ምክንያቱም አሪዞና ሰዓቷን አትቀይርም። ሰዓት ከሌለበት ከተማ ወጥታችሁ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ታገኛላችሁ። እኔ ይሄን ቦታ ከሁሉ የምወደው ለዚህ ነው፣ ኮንክሪቱ ራሱ ብዙም አይደንቀኝም።

መግቢያ ከፍሎ ግድቡ ውስጥ መውረድ ይቻላል። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው የባቡር ሐዲድ የነበረው መንገድ ነው። ለግድቡ ዕቃ ያመላልስ የነበረው ባቡር ያለፈባቸው አምስት ትልልቅ ዋሻዎች አሉ። ሐዲዱ ተነስቶ አሁን የእግር መንገድ ሆኗል፣ ሜዳ ነው፣ ጋሪም ይሄድበታል። በቀኝ ድንጋይ፣ በግራ ሐይቅ።

ሐይቁን ስታዩ ዳር ዳሩን ነጭ ቀለበት ከቦታል። ማጠቢያ ገንዳ ላይ እንደሚቀረው ዓይነት። ውሃው በአንድ ወቅት የደረሰበት ነው። በጁላይ 2022 ሐይቁ በ1930ዎቹ ከሞላ ወዲህ ያልታየ ዝቅታ ላይ ደርሶ ነበር። እዚህ የምንጠጣው ውሃ 90 ከመቶው የሚመጣው ከዚያው ነው። የሚገርመው፣ ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ውሃ፣ የመታጠቢያውም የመጸዳጃውም፣ ተጣርቶ ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይገባል። ውጭ ሣር ላይ የምናፈሰው ነው ጠፍቶ የሚቀረው። በየመንገዱ አካፋዩ ላይ ያለውን ሣር እየነቀሉ ጠጠር የሚያለብሱት ለዚህ ነው፤ በ2021 ሕግ ወጥቶበታል። «ከተማዋ ደረቀች» ብላችሁ የምታማርሩ፣ ሂዱና ቀለበቱን እዩት።

ማውንት ቻርልስተን የሚባለው ተራራ ላይ አልቆይም፣ ምክንያቱም እዚህ ካላችሁት ግማሾቹ በረዶ ለማየት ሄዳችኋል። ጫፉ 3,632 ሜትር ነው። ግን በጁላይ ሂዱ። ከተማው እያነደደ እዚያ ሹራብ ያስፈልጋል። ካይል ካንየን ላይ ያለው መንደር ከፍታው ወደ 2,300 ሜትር ነው። ይሄ ቁጥር የሚያውቁት አይመስላችሁም? የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። እናቴን ወስጃት ከመኪና ስትወርድ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰችና «አሁን አየር አገኘሁ» አለች። ላይኛው ጫፍ አካባቢ ሺህ ዓመታትን ያስቆጠሩ የጥድ ዓይነቶች አሉ፣ ጠማማና ግማሽ ጎናቸው የደረቀ። በ2023 ኦገስት የመጣው ሂላሪ የተባለው አውሎ ነፋስ ጎርፉ መንገዱን በጣም ጎድቶት ነበር፣ እና ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ እዩ።

የመጨረሻው ዴዝ ቫሊ ነው። የሞት ሸለቆ። አብዛኛው ክፍል ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፣ ከዚህ ሁለት ሰዓት ገደማ። በጁላይ 10 ቀን 1913 እዚያ የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ ዛሬ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። በ2024 ጁላይ እዚህ ከተማችን 120 ፋራናይት የገባ ዕለት ታስታውሳላችሁ አይደል? መሪ በጓንት የያዝንበት ቀን። እሱ እንኳን ከዴዝ ቫሊው በ14 ዲግሪ ፋራናይት ያንሳል። ስለዚህ በዲሴምበር፣ በጃንዋሪ ሂዱ።

አንድ አፋር ውስጥ ለዓመታት የሠራ ጓደኛ አለኝ። ባድዋተር የሚባለው ቦታ ወሰድኩት፣ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው። ጨው ብቻ ነው፣ እስከ አድማስ። ስትራመዱበት እንደ ደረቅ ዳቦ ይንኮሻኮሻል። ቀና ስትሉ ገደሉ ላይ፣ በጣም ከፍ ብሎ፣ «የባሕር ወለል እዚህ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ያኔ ነው ጉድጓድ ውስጥ መሆናችሁ የሚገባችሁ። ጓደኛዬ ጽሑፉን አላየም። ተንበረከከ፣ ጨዉን በጣቱ ነክቶ ቀመሰው፣ ትንሽ አሰበና «ይሄማ የእኛው ነው» አለ። ከዚያ ስለ ዳሎል አወራኝ፤ እዚያ ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች እንደሚወረድ፣ ጨው በመጥረቢያ ተቆርጦ አሞሌ ሆኖ በግመል እንደሚጫን። አንድ ሰዓት ሙሉ አሜሪካ ውስጥ ቆሜ አፋርን ጎበኘሁ። ሲነሳ ቁራጭ ጨው ወደ ኪሱ ሊከት ሲል ያዝኩት። ከናሽናል ፓርክ ድንጋይም ሆነ ጨው መውሰድ ክልክል ነው። «ቤቴ ስንት አለኝ» ብሎ ጣለው።

ከቻላችሁ ምሽቱን ቆዩ። ከዋክብቱን ልነግራችሁ አልችልም፣ ሀገር ቤት ገጠር ያደራችሁ ታውቁታላችሁ። በስተምሥራቅ አድማሱ ላይ ግን አንድ የደበዘዘ ብርሃን ይታያል። እሷ ቬጋስ ናት።

አሁን ስለ ውሃ። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን። ብዙ ነው የሚል ካለ የጫማዬን ታሪክ ያስታውስ። ውሃው ግማሽ ሲሆን፣ የትም ብትሆኑ፣ ተመለሱ። ውሃ ብቻም አትጠጡ፤ ላብ ጨው ይዞ ይወጣል። እኔ ጨው ያለበት ቆሎ ይዤ ነው የምሄደው፣ ከሱቅ ከሚገዛው ሁሉ ይበልጥብኛል። ነዳጅ ደግሞ ሙሉ፤ ወደ ዴዝ ቫሊ ስትሄዱ መንገድ ላይ ያለችው ከተማ፣ ፓረምፕ፣ ላይ ቅዱ። ስልክ ኔትወርክ ስለማይኖረው ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዱ። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ደራሽ ጎርፍ አለ። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ተራራው ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ደረቅ አሸዋማ ቦይ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ ምሳ መብላት ይቅር።

ብር የሚጠይቅ አለ። ሬድ ሮክ በመኪና 20 ዶላር ነው፣ ሌክ ሚድ 25፣ ዴዝ ቫሊ 30። ዋጋ ይቀየራልና ከመውጣታችሁ በፊት እዩት። ሦስቱንም ደጋግማችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ የፌዴራል ፓርኮችን ዓመታዊ መግቢያ ካርድ ግዙ፤ ለአሜሪካ ነዋሪ 80 ዶላር ነው። ቫሊ ኦፍ ፋየር የስቴት ስለሆነ በዚያ አይገባም። 4ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ደግሞ ልጁ በነፃ ካርድ ያገኛል፣ በመኪናው ያላችሁትንም ይዟችሁ ይገባል። አንድ ዓመት ሙሉ ልጃችሁን ማክበር ነው እንግዲህ።

እዚያ ጥግ እጃቸውን ያነሱ እናት አሉ። ይበሉ እማማ። … እሺ። ማይኩ ስላልደረሰ ልድገመው፤ «ቅዳሜ ትሄዳላችሁ ተብሏል፣ እኔ ጉልበቴ አይችልም፣ ምን አደርጋለሁ?» ነው ጥያቄው። እማማ፣ ቅዳሜ የምንሄደው ሬድ ሮክ ነው፤ 13 ማይሉን በመኪና ነው የምንዞረው። መቆሚያ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። እርስዎ ወንበሩ ላይ፣ እኛ ድንጋዩ ላይ።

ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት እዚሁ ፓርኪንግ። እንደ ሀበሻ ቀጠሮ ማርፈድ የለም፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ 11 ሰዓት። በሩ 12 ላይ ሲከፈት ቀድመን መገኘት አለብን። 4 ሰዓት ላይ ሁላችሁም ቤታችሁ ናችሁ። ቡናውን እኔ በፔርሙዝ አመጣለሁ። አህያ ግን ማንም ዳቦ አይሰጥም።